አሥራ አራተኛው ጃኬት

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ስለ ምን ዝም ብሎ እንደነበር አላውቅም፤ የኔው ዝምታ ግን ነቅዟል። አራት ዓመት በሆዴ ይዤው ቆይቼ ባለፈው ሳምንት ስከፍተው የቀረው ብናኝ ብቻ ነበር። ብናኙንም ቢሆን ለባለቤቱ መመለስ ነበረብኝ።

እኔ ሹፌር ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ሃያ ስድስት መንገደኛ ጭኜ ወደ ሐይቁ እወስዳለሁ። ጠዋት እንሄዳለን፣ ሰዎቹ በጀልባ ተሻግረው ደሴቲቱን ያያሉ፣ አመሻሽ ላይ እንመለሳለን። እነሱ ውሃ ላይ ሲሆኑ እኔ ዳር ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ሥራ ከተባለ እንግዲህ ይኸው ነው። የማወራችሁ ግን ስለኔ አይደለም፣ አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ስለሠራችው አስጎብኚ ነው። ሰው ሁሉ «ያቺ ሽማግሌውን ደሴት ላይ ረስታ የመጣችው» እያለ ነው የሚያውቃት። ያ ወሬ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ያጎደልኩት እኔ ነኝ። መርማሪ ፊት ቀርቤ አንዲት ቃል ዋሸሁ፣ በዚያች ቃል የተነሳ ጥፋቱ ሁሉ እሷ ላይ ብቻ ወደቀ። መጀመሪያ ግን ማን እንደነበረች ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ አይገባችሁም።

ቀጭን ረጅም ሴት ናት። ባርኔጣዋን ነፋስ እንዳይወስድባት በክር አገጯ ሥር ታስራለች፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ታንጠለጥላለች። የቤቱ የበኩር ልጅ ነበረች። አባቷ አንድ ቀን ከቤት ወጥቶ ቀረ፤ ሞተ አልተባለ፣ ሄደ አልተባለ፣ ቀረ በቃ። እናቷ የአልጋ ቁራኛ ሆነች። እሷ በአሥራ ሦስት ዓመቷ አምስት ታናናሾቿን ይዛ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እናትም አባትም ሆነች። ሁልጊዜ ማምሻውን በሩ ላይ ትቆምና የሚገባውን ልጅ ሁሉ ጭንቅላቱን ዳሰስ ታደርጋለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አምስት ሳትል ራት አይቀርብም። አንዱ ኳስ ሜዳ ከቀረ አራቱ ጦማቸውን ይጠብቁታል፣ ሲመጣ ደግሞ እሷ ከመቆጣቷ በፊት እነሱ ይወርዱበታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷው ናት፣ እየሳቀች።

ልጆቹ ሲያድጉ መዋዕለ ሕፃናት ገብታ ሠራች፣ እዚያም ዳስሳ ትቆጥራለች። ከዚያ ወደኛ መጣች፣ አመሏንም ይዛ መጣች። አውቶቡሱ ሲሞላ መጀመሪያ የኔን ራስ ከኋላ ነካ ታደርግና «አንድ» ትላለች። ከዚያ በመተላለፊያው እየሄደች በየወንበሩ ያለውን እየነካች ትቆጥርና፣ መጨረሻ ላይ መዳፏን የራሷ ባርኔጣ ላይ ጫን አድርጋ «ሃያ ስምንት!» ትላለች። ጠዋት ስንነሳ አንዴ፣ ጀልባ ላይ አንዴ፣ ስንመለስ አንዴ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ከሌለሁ መኪናው ቆሞ የለም እንዴ? ከኔ የምትጀምሪው ለምንድን ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«የምፈራው አንተን ነው ወንድምዓለም» አለችኝ። «ሌላው ትኬት ቆርጧል፣ ትኬት የቆረጠ ሰው አይጠፋም።»

ቆጣሪ የሚል ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እንደ መብራት ቆጣሪ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ኖረም አልኖረም ትዞራለች እያልኩ። ስሙ ያዘ። ጀልባ ነጂዎቹም ቆጣሪ አሏት፣ ሥራ አስኪያጃችንም ቆጣሪ አላት። ባል ለምን አታገቢም ሲሏት «ሰው ቆጥሬ ልጨርስ እስቲ» ትላለች። ሐይቁ ጥልቀቱ ስንት ነው ብሎ የጠየቃትን ሁሉ «ለሚዋኝ ሰው ትንሽ ነው፣ ለማይዋኝ ሰው ብዙ ነው» ትለዋለች። ጥሩ ሰው ነበረች። ነበረች ስል ደግሞ የሞተች አስመሰልኳት፣ ምላሴን ይቁረጠው! በሕይወት አለች።

ታዲያ አንድ ጊዜ ጸጉሯን ተሠርታ የመጣች መንገደኛ ተናደደች። «ከብት ነን እንዴ በእጅ እየተዳሰስን የምንቆጠረው?» ብላ ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ጠርቶ ከዛሬ ጀምሮ የሰው ራስ መንካት ቀርቷል አለ። «እና እንዴት ልቁጠር?» አለች። እሱ ወደኔ ዞረ። መልሱን የሰጠሁት እኔ፣ አፌን ምን አባቱ እንደከፈተው እንጃ። ሐይቁ ዳር ሰው እንዳይሰጥም የሚለብሳቸው የጀልባ ጃኬቶች የሚቀመጡበት የቆርቆሮ መጠለያ አለ። ግድግዳው ላይ ሃያ ስድስት ምስማር ይመታ፣ ከአንድ እስከ ሃያ ስድስት ቁጥር ይጻፍበት፣ ጃኬቶቹም ላይ እንዲሁ። ሰው ሲወጣ ጃኬቱን ይወስዳል፣ ሲመለስ ይሰቅላል። ምስማሩ ሁሉ ከሞላ ሰው ሁሉ ተመልሷል ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ይሄ ነው ዘመናዊ አሠራር!» አለ።

«ጃኬት እኮ እግር የለውም» አለች እሷ ቀስ ብላ። «ሰው ነው እግር ያለው።»

ማንም አልሰማትም። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ቁጥሩንም በቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔው። አምሮብኝ ነበር።

አመሏ ግን አልተዋትም። እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ በአውራ ጣቷ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካች በዓይኗ ስትቆጥር ደረስኩባት። ዝም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ማይክሮፎኑን አነሳሁና «ክቡራን መንገደኞች፣ ቆጣሪያችን ኪስ ውስጥ ሆና እየሠራች ስለሆነ እባካችሁ አትንቀሳቀሱባት» አልኩ። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፣ ጆሮዋ ግን ቀላ። እጇን ከኪሷ አወጣችው። ከዚያ ወዲያ ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ እደግመው ነበር፣ ሰው የሳቀበትን ቀልድ ማን ይተዋል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሄደ። የዚያን ቀን ሽማግሌው ከኋላዬ ነበር የተቀመጡት። ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ ሴት ልጃቸውንና የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ነው የመጡት። አንድ ጆሯቸው አይሰማም፣ ስለዚህ ወሬ ሲያወሩ ይጮኻሉ። የመኪናዬ ሰዓት ሰባት ከሩብ ላይ ከቆመ ቆይቷል። እሳቸው እሱን አይተው ዕረፍት አጡ።

«ይቺን ሰዓት ምን አደረግሃት አንተ?» አሉኝ።

«ቆማለች አባባ፣ እኔ ምን አደረግኳት።»

«ሰዓት ዝም ብሎ አይቆምም። ስንመለስ እከፍትልሃለሁ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» አሉ። መነጽራቸውንና ትንሽ መፍቻ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ።

ሐይቁ ዳር ጃኬት ሲታደል የእሳቸው ሆዳቸው ላይ አልገጥም አለች። «ይሄ የተሰፋው ለተራበ ሰው ነው!» ብለው ሲጮኹ ሁሉም ሳቀ። ቁጥሯ አሥራ ዘጠኝ ነበረች። አስጎብኚዋ ማሰሪያውን አላልታ አሰረችላቸው፣ «ይኸው አባባ፣ አሁን አማረብዎ» አለቻቸው። በሁለት ጀልባ፣ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ሆነው ተሻገሩ። እኔ ዛፌ ሥር ቀረሁ።

ደሴቲቱ ላይ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ቤት አለ፣ ከጀርባው ደግሞ ወፎች የሚያርፉበት ቋጥኝ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነፋስ ተነሳ። ሕፃኗ አስመለሳት። እናቷ በመጀመሪያዋ ጀልባ ይዣት ልሂድ አለች። ሽማግሌው «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ወፎቹን አይቼ በሁለተኛዋ እመጣለሁ» አሉ፣ ጃኬታቸውንም አውልቀው «ብርድ ይመታታል» ብለው ሕፃኗ ላይ ደረቡላት። «አንተስ አባባ?» ስትላቸው «ትርፍ አይጠፋም» አሏት። ከዚያ ወደ ቋጥኙ ሄዱ። ፊሽካው ሲነፋ የሚሰማው ጆሯቸው በየት በኩል እንደነበረ እንግዲህ እግዜር ነው የሚያውቀው።

የመጀመሪያዋ ጀልባ ስትደርስ ሰዉ በሞገድ ተንገላቶ፣ ረጥቦ፣ እየተነጫነጨ ወረደ። ሁሉም ጃኬቱን ምስማሩ ላይ ጣል አድርጎ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ። የሽማግሌው ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሮጥ አየኋት። ጀልባዋ ባዶ ሆነች ስል አንዲት ጃኬት ወለሉ ላይ ውሃ ውስጥ ተኝታለች። ማን ጣላት አላልኩም። ገብቼ አነሳኋት፣ ጨመቅ አደረግኋትና አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ሰቀልኳት። ምን ላርግ፣ ባዶ ምስማር አልወድም።

እጄን ሱሪዬ ላይ ሳልጠርግ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት፣ ከደሴቲቱ፣ ነፋሱ ድምጿን ይቆራርጠዋል።

«ወንድምዓለም፣ ስንት ጃኬት ደረሰልህ?»

ምስማሮቹን በጣቴ ቆጠርኩ። «አሥራ አራት።»

ጮክ ብላ ደገመችው።

«አሥራ አራት?»

«አሥራ አራት ነው ስልሽ! ሕፃናት በጭን ይዘው ይሆናላ። አይ ቆጣሪ፣ ዛሬም በጣትሽ ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ።

«እሺ» አለች። እንደገና «እሺ። እዚህ አሥራ ሁለት አሉ። መጣን።»

አሥራ አራትና አሥራ ሁለት ሃያ ስድስት ነው። ሁለተኛዋ ጀልባ ስትገባ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። አሥራ ሁለቱ ጃኬቶች ተሰቀሉ። ምስማሩ ሁሉ ሞላ። እሷ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አይታ «ሞልቷል» አለች፣ እኔም ሞተር አስነሳሁ።

ልጅቱ የተኛች ልጇን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች «ቆይ እንጂ፣ አባባ አልገባም» አለች። «መጸዳጃ ቤት ሆኖ ይሆናል።» ወርጄ ሄጄ አንኳኳሁ፣ ገፋሁት። ባዶ ነው። በዛፎቹ መሐል ተጣራሁ። ስመለስ አስጎብኚዋ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ቦታዬ ላይ ስቀመጥ እጇን ራሴ ላይ አደረገች። ሁለት ዓመት አድርጋው አታውቅም።

«አንድ» አለች።

ከኋላዬ ስትሄድ ይሰማኛል። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አትንኪኝ ያለ ሰው የለም። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ራሱን ዝቅ አደረገላት። ከኋላ መቀመጫ ተመልሳ መጥታ መዳፏን ባርኔጣዋ ላይ ጫነች፣ «ሃያ ሰባት» አለች። ሞተሩን አጠፋሁ።

ጀልባ ነጂው ወደ ደሴቲቱ አልመለስም፣ አሻፈረኝ አለ። «ሞገዱን አታዪውም? እኔም ልጆች አሉኝ!» አላት። አልለመነችውም። ራሷ ጀልባዋ ውስጥ ገብታ የታሰረችበትን ገመድ በጥርሷ መፍታት ጀመረች። እሱም «አብደሻል!» እያለ ገባ፣ እኔም ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ውሃው እየመታን ስንሄድ ዓይኗ ደሴቲቱ ላይ ነው።

እዚያው ጀልባ የሚቆምበት ድንጋይ ላይ ጫማቸውን አገኘነው። ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀምጠውታል፣ ካልሲያቸውን ጠቅልለው ውስጡ ከትተው፣ ላዩ ላይ ኮፍያቸውን ደፍተው። ጀልባዋ ስትርቅ ቋጥኙ ላይ ሆነው አይተዋት፣ ሮጠው ወርደው፣ ጮኸው፣ ከዚያ ውሃው ጥልቀት የሌለው መስሏቸው ሊከተሏት ገብተዋል። ዳሩ እስከ ጉልበት ነው፣ አራት እርምጃ ካለፈ በኋላ ግን ገደል ነው። ቄጠማው ውስጥ አገኘናቸው፣ በግንባራቸው ተደፍተው። ሦስታችን ተጋግዘን ጀልባው ውስጥ አስገባናቸው። መነጽራቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር፣ መፍቻዋም።

ስንመለስ እሷ መሐል ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇን ዘርግታ ራሴን ነካች፣ «አንድ»። የጀልባ ነጂውን ትከሻ ነካች፣ «ሁለት»። ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን እርጥብ ራስ ነካች፣ «ሦስት»። መዳፏን የራሷ አናት ላይ አድርጋ «አራት» አለች። ከዚያ እንደገና ከኔ ጀመረች። ዳር እስክንደርስ ድረስ እንዲሁ ስታደርግ ነበር፣ እኔም ነጂውም አቁሚ ማለት አልቻልንም።

የልጅቱን ጩኸት አላወራውም። አንድ ነገር ብቻ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል፤ አስጎብኚዋን በሁለት እጇ ይዛ እየናጠቻት «እንዴት ሰው ይረሳል? ዕቃ ነው እንዴ? ዕቃ ነው እንዴ የሚረሳው?» ስትል።

ምርመራ ተደረገ። ልጅቱ የአባቷ ጃኬት ለሕፃኗ እንደተደረበች፣ ስትወርድም ጀልባ ውስጥ ትታት እንደሄደች ተናገረች። መርማሪው ጠራኝ፣ ትሁት ሰው ነው።

«ከጀልባዋ አንስቶ ምስማሩ ላይ የሰቀላት ሰው አለ። ማን እንደሆነ አይተዋል?»

ቤቴ አራት ሰው አለ፣ መንጃ ፈቃዴን ከወሰዱብኝ ሌላ ሙያ የለኝም፤ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ኧረ እሱን እንኳ ተዉት፣ ሰበብ ነው። ፈራሁ። ልክ እንደ ውሻ ፈራሁ።

«አላየሁም» አልኩ።

ጻፈው። የመጀመሪያዋ ጀልባ ነጂ የዚያን ጊዜ ነዳጅ ሲቀዳ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፣ ሌላ ያየ ሰው የለም። እሷ ደግሞ ስትጠየቅ «ቆጠራ ተሳስቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ አንድ ቃል ሳትጨምር ፈረመች። ስምንት ወር ታሰረች፣ የአስጎብኚነት ፈቃዷም ተነጠቀ። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሥራ አስኪያጁ ምስማሮቹን ንቀላቸው አለኝና ነቀልኳቸው። አሁን አዲስ አስጎብኚ አለች፣ የመንገደኛውን ራስ አንድ በአንድ እየነካች ትቆጥራለች። በደብዳቤ የወጣ ትእዛዝ ነው!

አራት ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት ምሳ እየበላን ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ የመኪናህ ሰዓት ለምን አይሠራም?» አለችኝ። የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ተነስቼ ጓዳ ገባሁ፣ ሚስቴ ተከተለችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሃያ ዓመት አብራኝ ስትኖር እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«ሂድና ንገራት» አለችኝ። «እስክትነግራት ድረስ ከኔ ጋር ወሬ የለህም።»

እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ በረንዳ ላይ የወጣች ጠባብ ሱቅ አለቻት። አስጎብኚዋ እዚያ ናት የምትውለው፣ ቀሚስ ጠርዝ ትጠልፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። አውቶቡሱን በሩ ላይ አቁሜ ገባሁ። ስታየኝ ፈገግ አለች፣ ያ ነው አንጀቴን የቆረጠው። ጸጉሯ ግማሹ ሸብቷል።

«ወንድምዓለም! ከየት ተገኘህ? ተቀመጥ እንጂ።»

እህቷ መሐል ገብታ «አምስት ቁልፍ ብቻ ቁጠሪልኝ» ብላ የቁልፍ ጣሳውን ገፋችላት። እሷ ጣሳውን መልሳ ገፋችውና «አንቺው ቁጠሪ» አለቻት። እህቷ ወደኔ ዞራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከዚያ ወዲህ አትቆጥርም። ሦስት ቁልፍ እንኳን ራሷን አምና አትቆጥርም» አለችኝ። ጣሳውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄዋለሁ።

«ጃኬቷን ያነሳኋት እኔ ነኝ» አልኩ። «የሽማግሌውን። ጀልባ ውስጥ ወድቃ አገኘኋትና ምስማሩ ላይ ሰቀልኳት። በስልክ አሥራ አራት ያልኩሽ እሷን ቆጥሬ ነው። መርማሪው ማን ሰቀላት ሲለኝ አላየሁም አልኩት።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ሰውስ?» አለች።

«ምን?»

«ከመጀመሪያዋ ጀልባ ስንት ሰው ነው የወረደው? ጃኬት አላልኩህም፣ ሰው።»

«አሥራ ሦስት» አልኩ። «በኋላ አንድ በአንድ አስታውሼያቸዋለሁ። አሥራ ሦስት ናቸው።»

እጇን አየችው። አውራ ጣቷ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ ሲነካ አየሁ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ መጨረሻው።

«እኔም አሥራ ሦስት ነው የቆጠርኩት» አለች። «ጀልባዋ ከደሴቲቱ ስትነሳ፣ ኪሴ ውስጥ። አሥራ ሦስት። ሁለተኛዋ ላይ ስቆጥር አሥራ ሁለት ሆነብኝ። አንድ ሰው ጎደለ ብዬ ነው እኮ የደወልኩልህ። አንተ አሥራ አራት ስትለኝ ደስ አለኝ። የኔው ዓይን ነው የተሳሳተው፣ ሕፃን በጭን ይዘው ዘልዬው ነው አልኩ። ስትስቅብኝ ጊዜ ደግሞ አፈርኩ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ባላሾፍብሽ ኖሮ…»

«ዝም በል» አለችኝ። «ዝም ማለት ታውቅበት የለ።»

ዝም አልኩ።

«አራት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ነው ብዬ ኖርኩ» አለች። «መቁጠር የማልችል ሰው ነኝ ብዬ። የተሳሳተ ሰው ምን ይደረጋል? ይታሰራል፣ ይወጣል፣ እንጀራውን ይበላል። አንተ ዛሬ መጥተህ ልክ ነበርሽ ትለኛለህ። ልክ ከነበርኩ እኮ እዚያ እንደቀሩ አውቄ ነበር! አውቄ ነው ጥያቸው የመጣሁት። ያወቅሁትን ትቼ ያንተን ምስማር አመንኩ።» ድምጿ ተሰበረ። እንባዋን በቀሚሱ ጠርዝ ጠረገችና የሰው ልብስ መሆኑ ትዝ ሲላት ደንግጣ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

ልገላገል ነው የመጣሁት፤ ይኸው እሷ ላይ ሌላ ጭኜባት ቆምኩ።

መርፌዋን ነቅላ ክሩን ጠቀለለች። ከዚያ «ልጃቸው ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም። ቤቷን ግን አውቀዋለሁ፣ እኛው ሠፈር ናት። በራፏ ላይ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።»

«ጃኬቷን ትቻት ስለወረድኩ ነው እያለች ይሆናል እሷም» አለች። ተነስታ ጫማዋን አደረገች። «እመጣለሁ» ብላ ወደ ጓዳው ተጣራች፣ እህቷ «ወዴት ነው?» ስትል አልመለሰችላትም።

አውቶቡሱ ባዶ ነው። እኔ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሰዓቷ ዛሬም ሰባት ከሩብ ትላለች። እሷ ሰዓቷን አይታ ፊቷን አዞረች። ትቀመጣለች ብዬ ስጠብቅ ከኋላዬ ቆመች። እጇ ቆይቶ ቆይቶ ራሴ ላይ አረፈ።

«አንድ» አለች።

ከዚያ መዳፏን የራሷ ሽበት ላይ ጫነች።

«ሁለት ነን» አለችኝ። «ንዳ።»